«እስከ ነገ ብቻ ያዥልኝ»

ደብዳቤው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ክሊኒኩ በር ላይ ጥለውት የሄዱት ቡችላ ወይ ድመት ሲገኝ ዶክተሩ ይጠራኛል። ‹እስከ ነገ ብቻ ያዥልኝ፣ ሰው እናፈላልጋለን› ይለኛል። እስካሁን 12 ተቀብያለሁ። አምስቱን ሰው ወስዷቸዋል፣ ሁለቱ ሞተውብኛል። አሁን ቤቴ ያሉት ሦስት ቡችሎች፣ አንዲት ድመትና አንድ የኋላ እግሩን የሚያነክስ ትልቅ ውሻ ናቸው። ውሻውን መኪና ገጭቶት ባለቤቱ አመጣው፤ ‹ገንዘብ ይዤ ልምጣ› ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ‹እስከ ነገ› ተብሎ ስለመጣ ስሙን እስከነገ አልኩት። ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነው።

አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ‹ውሻ ባለበት ቤት መልአክ አይገባም› ይላሉ፤ ጸሎት እያደረሱ እስከነገ በፊታቸው ካለፈ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አከራዬ ሁለቴ አስጠንቅቀውኛል። ባለቤቴ ዝም ነው፤ እሱ ዝምታው ነው የሚከብደኝ። ሰሞኑን ደግሞ መንዝ በግ የሚያረባ ሰው መጥቶ ውሻ ስጪኝ አለኝ፣ ዓይኑ ያረፈው እስከነገ ላይ ነው። መስጠት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን እንባዬ ይቀድመኛል። በዚህ ኑሮ ለውሻ ማልቀሴም ያሳፍረኛል። ዶክተሩንስ ከእንግዲህ እንቢ ልበለው? ትናንት ደግሞ አዲሷ ቡችላ የስድስት ዓመት ልጄን ጣቱን ለቀም አድርጋው ነበር፣ ትንሽ ናት፣ ምንም አልሆነም። ምን ይመክሩኛል?
ባለ ሻይ ቤቷ»

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አማትሽንም አከራይሽንም አልፌ የቆምኩት መጨረሻ ላይ «ለቀም አድርጋው ነበር» ያልሽው ላይ ነው። ይህን ከመጻፌ በፊት ስልክ የደወልኩልሽ ለዚያ ነበር። በስልክ ያልኩሽን እዚህም የምደግመው ሌላው አንባቢም ቤት ቡችላና ልጅ ስላለ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ቡችላም ይይዛታል። ቫይረሱ ያለው ምራቋ ውስጥ ነው። ቆዳ በጥርስ ከተጫረ፣ ደም ባይወጣም፣ መንገድ አግኝቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው ከጀሪካን ቀስ እያለ ያፍስስ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጅም ያለቅሳል፤ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። በርበሬ፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት የሚባል ነገር አታስነኩት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወዳለበት ይልኳችኋል። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ተመለሱ የተባላችሁበትን ቀን አንዱንም አትዝለሉ።

ቡችላዋን ደግሞ እንዳትገድሏት፣ ለሰውም እንዳትሰጧት። ለብቻዋ አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ነው። በነከሰችበት ቀን ምራቋ ውስጥ በሽታው ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ትታመማለች ወይ ትሞታለች። አሥሩን ቀን ደህና ሆና እየበላች ከጨረሰች ሐኪሙ የልጁን ክትባት ሊያቋርጠው ይችላል። የልጁ ክትባት ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ ይጀመራል። በሽታው ሰው ውስጥ ተደብቆ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ነው፤ ከሳምንት እስከ ዓመት የሚሄድበትም አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝበት የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ አብዷል ተብሎ የተጠረጠረ እንስሳ ከነከሳቸው ሰዎች ውስጥም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ጎንበስ ብሎ ያቅፋል፣ ሲነከስም እንዳይቆጡት ይደብቃል። የአንቺ ልጅ ስለነገረሽ ተመስገን በይ። አማትሽ ፀበል ይሂድ ካሉ ይሂድ፤ ክትባቱንም ፀበሉንም ይዞ መሄድ ይቻላል።

አንቺም ጤና ጣቢያው ስትደርሺ «ባለቤታቸው የማይታወቅ እንስሳት የምነካ ሰው ነኝ» በያቸው። ሳይነከሱ አስቀድሞ የሚወሰድ ክትባት አለ። ከእንግዲህ የሚመጣብሽም እንስሳ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ልጅሽ በማይደርስበት ቦታ ይሁን።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ።

ሠላሳ ዓመት ያህል በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን መንዝ ውስጥ። የኛ ክሊኒክ የበግ፣ የከብትና የጋማ ከብት ነበር፤ ውሻ በዓመት አንዴ ለክትባት ዘመቻ ካልሆነ አናይም። በር ላይ የሚጣል ግን እኛም ጋ ነበር። አንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ጉሙ አጥሩን እንኳ በማያሳይበት ሰዓት፣ አንዲት ገጣባ አህያ በሩ ላይ ታስራ አገኘሁ። የፊት እግሯ ተሰብሮ አብጧል። የቃጫ ገመዱ ቋጠሮ ላላ ያለ ነው፤ ቢያስፈራት ስባ ልትፈታው ትችላለች። ከፊቷ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ተቀምጧል። ጀርባዋ ላይ፣ ልክ ቁስሉ ላይ፣ ከአሮጌ ባና የተቀደደ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። መንዝ ውስጥ ባና ቀላል ዕቃ አይደለም፤ ሰው ብርዱን የሚያልፍበት ነው።

እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ባናውን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንዲት እናት መጡና ዳር ቆመው «ያቺ አህያ ዳነች እንዴ?» አሉኝ፣ ሰምተው ብቻ እንደመጡ ሰው። የማን እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ገበያተኛው እየሰማ፣ ጉልበቷን ጨርሰው ሲያበቁ ጣሏት፣ ጭካኔ ነው፣ ኃጢአት ነው፣ ያልኩት ሁሉ አሁንም ይሰማኛል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሄዱ። እኚያ ሴት ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ደጃፍ አልታዩም፤ በጎቻቸውንም ለክትባት አላመጡም። ከእሳቸው በኋላ በር ላይ የሚታሰር አህያም ቀረ። አንድ ሁለት ወር ሥራዬን ያወቁልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ እረኞቹ ናቸው የነገሩኝ፦ ሰው የማይረባውን አህያ ማታ ማታ ወደ ገደሉ አፋፍ እየነዳ ለጅብ ይተወዋል።

ይህን የምነግርሽ በር ላይ የሚጥለውን ሰው ቶሎ እንዳትፈርጂበት ነው። እዚህ አገር አህያም ሆነ ውሻ ቢደክም አይታረድም፣ በእጅ መግደልም ነውር ነው፤ ማሳከሚያ ደግሞ የለም። በር ላይ ያሰረ ሰው ቢያንስ ከጅቡ ይልቅ ሐኪሙን መርጧል። ቡችሎች ሴት ሴቶቹ ብቻ የሚጣሉት ሴት ውሻ ባረገዘች በ63 ቀን ገደማ እየወለደች ቤቱን ትሞላለች ተብሎ ስለሚፈራ ነው። የከተማ ኪራይ ቤት ውሻ አይፈቅድም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ልጅ አዝሎ የሸሸ ሰው ውሻውን ሊያዝል አይችልም ነበር። እርግጥ «ገንዘብ ይዤ ልምጣ» ብሎ የጠፋው የእስከነገ ባለቤት ላይ እኔም ትንሽ እናደዳለሁ። ግን እሱም ሒሳቡ ሲነገረው ፊቱ ምን እንደመሰለ አላየንም።

ያንቺ ችግር ደግነትሽ አይደለም። አደራ የሚባለው ሰጪና ተቀባይ ሲኖረው ነው፤ ሰጪው «ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ይህን አድርጊልኝ» ይላል፣ ተቀባዩ ቀኑ ሲደርስ ይመልሳል። አንቺ ጋ ያሉት አምስት ነፍሶች ሰጪ የላቸውም። የጣላቸው ሰው አልሰጠሽም፣ ዶክተሩም «እስከ ነገ» እያለ ራሱን ከሰጪነት አውጥቷል። እንዲህ ከቀጠለ ሰው ክሊኒኩ በር ላይ መጣሉን ትቶ ቀጥታ ሻይ ቤትሽ በር ላይ ይጥላል። ጀምሮ ከሆነ አይገርመኝም።

ስለዚህ ዶክተሩን እንቢ አትበዪው፣ አደራ ሰጪ አድርጊው። አንድ ደብተር ግዢና ክሊኒኩ ውስጥ አስቀምጪ፣ አንቺ ጋ ሳይሆን እሱ ጋ። የገባበት ቀን፣ ማን አመጣው፣ ሁኔታው፣ የተከተበበት ቀን፣ መልቀቂያ ቀን። ሰው እንስሳ ይዞ ሲገባ ከምርመራው በፊት ስምና ስልኩ ይመዝገብ፤ ለቅጣት ብለን ሳይሆን በኋላ ደውሎ ለመጠየቅ። «መያዝ አቅቶኛል» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ አትቆጡት፤ ሁለት ሳምንት እቤቱ እንዲያቆየውና እናንተ ሰው እንድታፈላልጉ ለምኑት። ብዙ ሰው እሺ ይላል፤ የሚጥለው የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው። ክትባቱና የትል መድኃኒቱ ከክሊኒኩ፣ ምግቡና ማደሪያው ካንቺ። አንቺ የምትችዪው ስንት እንደሆነ ባለቤትሽን አስቀምጠሽ ተነጋገሩ፤ ቁጥሩን እሱ ይጥራ። ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥር ይዞ ነው ዝም የሚለው። ሁለት ካለ ሁለት ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ዶክተሩ ክሊኒኩ ጓሮ ጎጆ ይሥራለት።

የሞቱብሽን ሁለቱን በስልክ ጠየቅሁሽ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ ነበሩ አልሽ። በርሃባቸው የሞቱ መስሎሽ እስከዛሬ ራስሽን ትወቅሻለሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ያንቺዎቹ የመጡት ደግሞ በኅዳር ውርጭ ነው። ዓይኑ ያልተከፈተ ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ወተት ብታጠጪው ሆዱ አይፈጨውም። እንደሚመስለኝ የገደላቸው ብርዱ ነው፣ አንቺም ጥፋት የለብሽም። ሌላ ጊዜ ከወተቱ በፊት ሙቀቱን አስቀድሚ፦ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተሽ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለሽ አጠገቡ አድርጊ፣ አፉ ውስጥ ጣትሽን ስትከቺ ሙቀት ሲሰማሽ ያኔ አጠጪው። በጀርባው ሳይሆን በሆዱ አስተኝተሽ። በየሦስት አራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። ካጠባሽው በኋላ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ከሆዱ በታች ጠረግ ጠረግ አድርጊው፣ እናቱ በምላሷ የምታደርገውን ነው፤ ያለዚያ ሽንቱ አይወጣም።

ለትልልቆቹ ደግሞ የሻይ ቤቱን ትርፍራፊ ሁሉ አትስጪ። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ውሻን ይጎዳል፣ ደሙን ነው የሚፈጀው፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። የገብስ ገንፎ፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። የሚከብድሽ ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ ሥጋ ቤቱ 55 ቀን ሲዘጋ፤ ያኔ የሚላስ አጥንት የለም፣ ቤት ውስጥም ወተት የለም። እኔ ብሆን በዚያ ወቅት አዲስ እንስሳ አልቀበልም።

አማትሽ ላይ ትስማሚኛለሽ ብዬ አልጠብቅም፣ ግን ግማሹን ትክክል ናቸው። ውሻ ማዕድ ቤት፣ የሊጥ ቡሃቃ አጠገብ፣ የሚጸለይበት ቦታ መግባት የለበትም። ከዓይነ ምድሩ የሚወጣ የትል እንቁላል በእጅ አድርጎ ሰው ሆድ ይገባል። እስከነገ ደጅ ይደር፤ ከነፋሱ በጎን የሚከልል ጎጆ፣ ውስጡ ጭድና ጆንያ፣ ለብቻው የሚሆን ጣሳ። ስለ መልአኩ ግን በትሕትና አንድ ነገር አንሽላቸው። ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሮ ተከትሏቸዋል፣ መጽሐፈ ጦቢት ላይ ተጽፏል። ጳጉሜን 3 ሲደርስ ብታነሺው ይሻላል፣ የመልአኩ ቀን ስለሆነ አይቆጡሽም።

የመንዙ ሰውዬ ላይ ላተኩር። ውሻ ፈልጎ መምጣቱ ጥሩ ነው፣ ከሦስቱ ቡችሎች አንዱን ወይ ሁለቱን ይውሰድ፤ የነከሰችው አሥር ቀኗን ሳትጨርስ ንክች እንዳያደርጋት። ግን ባዶ እጁን አይውሰድ፣ ጥሎሽ ይዞ ይምጣ። ጥሎሹ የእብድ ውሻ ክትባትና የትል መድኃኒት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል።

የትል መድኃኒቱን ቀልድ አድርጎ እንዳያየው ይህን ንገሪው። በጉ አንገቱን ጠምዞ ባለበት ሲዞር አይቶ ያውቃል፣ አዙሪት ይሉታል። ከውሻ ነው የሚመጣው። የታመመው በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ አንጎሉ ውስጥ ያለው ፊኛ ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ግጦሹ ላይ ይበተናል፤ በጎቹ ከሣሩ ጋር ይበሉታል። ጭንቅላቱን መቅበር ወይም ማቃጠልና ውሻውን የትል መድኃኒት መስጠት ዙሩን ይቆርጠዋል። እኔ ስንቱን ቤት ለምኜ ስንቱ እንደሰማኝ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ «ውሻዬ ምን ይብላ?» ነው መልሱ።

ክትባቱ ደግሞ ከበጎቹ አልፎ ይሄዳል። ሰውዬው መንዝ ውስጥ ወዳለው ጥብቅ የሣር ምድር፣ ወደ ጓሳ፣ የሚጠጋ ከሆነ ውሻው የሚውለው ከቀይ ቀበሮ ጋር ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም፣ ባጠቃላይ የቀሩትም ከ500 አካባቢ አይበልጡም። ባሌ ተራሮች ላይ ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። የመንዝ ሰው ጓሳውን ለመቶዎች ዓመታት ቄሮ በሚባል በራሱ ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ነው፤ ነገሩን ከነገርሽው እንቢ የሚል አይመስለኝም።

እስከነገን ግን አትስጪው።

ይህን የምልሽ ስላለቀስሽ አይደለም። ማልቀስሽም አያሳፍርም፤ እኚያ እናት ባናቸውን ቀደው የሰጡት ለአህያ ነው። የምልሽ እግሩን ስላሰብኩ ነው። የመንዝ በግ ጠባቂ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ በረቱን ይዞራል፣ ጅብ ሲመጣ ሮጦ ይመልሳል፣ በውርጭ ያድራል። የሚያነክስ ውሻ የመጀመሪያውን ክረምት ካለፈ ብዙ ነው፤ ሰውዬው ክፉ ባይሆን እንኳ ውሻው እንደማይሠራለት ሲያይ ምን ያደርገዋል? ገደሉ አሁንም እዚያው ነው። ዓይኑ ያረፈው ትልቅ መሆኑ ላይ ነው፤ ሲያነክስ አስኪደሽ አሳዪው፣ ራሱ ይተወዋል።

ይዘሽው ከቀረሽ ግን አደራነቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ያንቺ ውሻ ነው። በየዓመቱ የምታስከትቢው አንቺ ነሽ፣ የሚነክስ ቢሆን የምትጠየቂውም አንቺ ነሽ። አከራይሽ ጋ ሄደሽ «ለጊዜው ነው» የምትዪውን ተዪና «አንድ ውሻ አለኝ፣ ስሙ ይህ ነው፣ ተከትቧል፣ ደጅ ነው የሚያድር» በያቸው። ሰው የሚቆጣው ብዙ ጊዜ በውሻው አይደለም፣ መጨረሻው ስለማይታወቅ ነው። ባለቤትሽ ሁለት ካለሽ ደግሞ እስከነገ አንዱን ቦታ ይዞታል፤ የቀረሽ አንድ ነው። ድመቷን አይጥ ያስቸገረው እህል ነጋዴ ይፈልጋታል፣ ለእሷ አልጨነቅም። ሴት ቡችላ ከቀረችሽ ሰጥተሻት ከመሸኘትሽ በፊት ዶክተሩ እንዲያመክናት ጠይቂው፤ ካልሆነ የዛሬ ዓመት ልጆቿ ናቸው በር ላይ የሚመጡት።

በስልክ እንደነገርሽኝ ልጅሽ የመጀመሪያውን መርፌ ወስዷል፣ ቡችላዋም እየበላች ነው። ቀኑን አትሳቺ። ደብተሩን ስትጀምሪ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ላይ የእስከነገን ስም ጻፊ፣ «መልቀቂያ ቀን» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጊበት።